ዘለልሽ

«ዘለልሽ» አለችኝ እማዬ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ተኝታ ነበር። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማነበው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አራተኛውን ኬሞ፣ የካንሰሩን መድኃኒት፣ ከወሰደች ስድስተኛ ቀኗ። ከውጭ የአራት ኪሎ ታክሲ ረዳቶች ጥሪ ይሰማል። ዳዊቱ ጭኔ ላይ ተዘርግቷል። 86ኛውን መዝሙር ጨርሼ 88ኛውን ስጀምር ያቺ ቃል ከግድግዳው በኩል መጣች። ቁጣ አልነበረባትም። ባለሱቅ መልስ ሲያጎድልባት የምትናገርበት ድምፅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ግን የማይሸወድ።

ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሊሆነው ነው። ሥራ ላይ ሆኜ፣ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ፣ ሌሊት ስገላበጥ ድንገት «ዘለልሽ» የምትለዋ ቃል ትመጣብኛለች። ካንሰር ስለያዘው ሰውና ስለ እምነት ብዙ ሲባል እሰማለሁ፤ እኔም ብዙ ብያለሁ። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ግን እንደ ድሮው አድርጌ መናገር አቃተኝ።

«እጢ ነው»

መዝለል የጀመርኩት በዳዊቱ አይደለም። የናሙናው ውጤት የመጣ ዕለት ሐኪሙ አስቀድሞ የጠራው እኔን ነበር። እማዬ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። እንዲህ እንደሚደረግ ታውቁታላችሁ፤ ክፉው ወሬ ለባለቤቱ የሚደርሰው በቤተሰብ እጅ ዞሮ፣ ለስልሶ ነው። ሐኪሙ ሁሉንም ነገረኝ። የጡት ካንሰር ነው፤ ወደ ብብት ደርሷል፤ ቀዶ ጥገና፣ ከዚያ ስምንት ዙር ኬሞ በየ21 ቀኑ። ወጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና «እጢ ነው፤ በመድኃኒት የሚጠፋ ነው» አልኳት።

ያን ቀን በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስንወጣ ሚኒባሱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሰዎች ሰነድ የያዘ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በሩ ላይ ይታያሉ። ለብዙ ዓመታት በመላ ሀገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው እዚያ ብቻ ስለነበር፣ ያ በር በእማዬ ዕድሜ ላሉ ሰዎች የሆስፒታል በር ብቻ አይደለም። እማዬ በመስኮቱ ወደ በሩ እያየች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ያቺ የጓሮ ጎረቤታችንም እጢ ነው ተብላ ነው የሞተችው» አለችኝ።

ያኔ ልናገር ይገባኝ ነበር። «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር አለ» ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የማጽናኛ ቤት ሆነ። ዘመድ ጎረቤቱ መጣ፤ ብርቱካኑ፣ አጥሚቱ፣ አጃው መጣ። «ለበጎ ነው» የሚሉ ነበሩ። «የሚወደውን ነው የሚገሥጸው» የሚሉም ነበሩ። ሁሉም ከልብ ነው። ከሁሉም አብዝቼ የምናገረው ግን እኔ ነበርኩ፤ «እማዬ፣ እምነትሽን አጠንክሪ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እንደ ዳቦ ቆርሼ ጠዋትና ማታ አቀርብላታለሁ። አንድ ሌሊት፣ ሁለተኛው ኬሞ ካለፈ በኋላ፣ ሽንት ቤት አድርሻት ስመልሳት ክንዴን ጨብጣ «ፈራሁ» አለችኝ። «እንዲህ አትበይ እማዬ፤ ማማረር ይሆንብሻል» አልኳት።

ከዚያ ሌሊት በኋላ «ፈራሁ» የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእማዬ ዝምታ ሲነቅዝ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። መብላት ቀነሰች፤ ያም ከመድኃኒቱ ነው ተባለ። እንቅልፏ ጠፋ፤ ያም ከመድኃኒቱ ነው ተባለ። ከራስጌዋ በላይ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል አለ፤ ትንሽ የሐር መጋረጃ ያለው፤ በሕይወቷ ሙሉ ጠዋት ስትነሳ ገልጣ፣ ማታ ስትተኛ የምትጋርደው። ያ መጋረጃ ሳይገለጥ ሁለት ሳምንት ሞላው። ይህን ከመድኃኒቱ ነው የሚል ሰው አልነበረም። እኔም አየሁት፣ ምንም አላልኩም።

ጉልበት፣ ሆድ፣ ግንባር

አሁን ሳስበው ያልገባኝ ዋና ነገር ይህ ነበር፦ ሃይማኖት ለእማዬ በሐሳብ የሚያዝ ነገር ሆኖ አያውቅም። እምነቷ ያለው በጉልበቷ፣ በሆዷ፣ በግንባሯ ውስጥ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ በዓታ ኪዳን ማድረስ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ሑዳዴን 55 ቀን መጾም ነው። መሬት መሳም፣ መስገድ፣ ነጠላን አጣፍቶ ሰዓታትን መቆም ነው። «ታምኛለሽ ወይ?» ብትሏት ጥያቄው ግራ ይገባታል፤ «ጾመሻል ወይ?» ብትሏት ግን ትመልሳለች።

በሽታው እነዚህን አንድ በአንድ ወሰደባት። ከብብቷ እጢዎቹ ከወጡ በኋላ ቀኝ እጇን መሬት ላይ ተመርኩዛ መስገድ አልቻለችም። ነጭ የደም ሕዋሷ ሲወርድ «ሰው ከሚበዛበት ራቂ» ተባለች፤ ቅዳሴው ቀረ። ጾም ተከለከለች። የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው «ላንቺ ሕመምሽ ጾም ነው» ብለው ፈቱላት። እኔ ደስ አለኝ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ረቡዕ ጠዋት ወተት ሳቀርብላት ግን ብርጭቆውን የያዘ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ጠጣችው። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ ጠረገችው፤ ጠረገችው፤ ጠረገችው።

ጸበሉም እንዲሁ። ነርሷ በቅን ልብ «ያልፈላ ውኃ እንዳትጠጣ፣ አሁን ለኢንፌክሽን ተጋላጭ ናት» አለችኝ። እማዬ ሰምታ «ጸበል ይፈላል ወይ?» ብላ ጠየቀች። ነርሷም እኔም መልስ አልነበረንም። በኤችአይቪ ዘመን ብዙ ሰው መድኃኒቱን እየጣለ እንጦጦ ሲወጣ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱም ጸበሉም ከእግዚአብሔር ስለሆኑ አብረው ይወሰዱ ማለታቸውን አስታውሳለሁ። ያ ንግግር ብዙ ሰው አትርፏል ብዬ አምናለሁ። የእማዬ ጭንቀት ግን ሌላ ነው። እሷ መድኃኒቱን አልጣለችም፤ እየወሰደች ነው። ጭንቀቷ መድኃኒቱ በገባ ቁጥር እሷ ከደጀ ሰላሙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሄዷ ነው።

የካንሰር ሕሙማንን መንፈሳዊ ደኅንነት ለመለካት በብዙ ሀገር የሚሠራበት ፋሲት-ኤስፒ (FACIT-Sp) የሚባል መጠይቅ አለ። 12 ጥያቄዎች አሉት፤ በሦስት ነገር ዙሪያ የሚሄዱ፦ የሕይወት ትርጉም፣ የውስጥ ሰላም፣ ከእምነት የሚገኝ ብርታት። ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለራሴ ሞልቼ ውጤቱ አስደንግጦኛል። ነገር ግን ሁሉም ውስጥን የሚጠይቁ ናቸው። መስገድ ያቃተው ጉልበት የሚጠየቅበት መስመር የላቸውም። ረቡዕ ወተት የጠጣች ሴት እፍረት የሚጻፍበት ቦታ የላቸውም። እኛ ሀገር ካንሰር እምነትን የሚነካው አስቀድሞ በሰውነት በኩል ይመስለኛል። ሰው ገና ማሰብ ሳይጀምር፣ አካሉ ከጸሎት ሥርዓቱ ይባረራል።

በዚህ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃት፣ እማዬን የምትወድ ሴት ናት፤ ክፋት የለባትም። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ጠጋ ብላ «እስቲ ፈትሺ፤ ንስሐ ያልገባሽበት ነገር ይኖር ይሆን?» አለቻት። ከዚያች ቀን ጀምሮ እማዬ ሌሊቱን ዕድሜዋን ስትበረብር ታድራለች። በደርግ ጊዜ ያባረረቻት የቤት ሠራተኛ ትዝ አለቻት። ከታናሽ እህቷ ጋር በውርስ ተኳርፈው የቀሩበት ነገር ትዝ አላት። እውነቱን ለመናገር ከዚህ ጥሩም ነገር ወጥቷል፤ አክስቴን አስደውላኝ፣ ከስንት ዓመት በኋላ በስልክ ተላቅሰው ታርቀዋል። ሠራተኛይቱን ግን የት እናገኛታለን? ስሟንም በቅጡ አናስታውሰውም። ያልተገኘችው ሴት የበሽታው ምክንያት ሆና እማዬ ልብ ውስጥ ተቀመጠች።

ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ደቀ መዛሙርቱ «በማን ኃጢአት ነው?» ብለው ሲጠይቁ የተመለሰላቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ በእሱም አይደለም፣ በወላጆቹም አይደለም። በየዓመቱ ይነበባል፣ ይሰበካል። ቤታችን ውስጥ ግን ያን ሰሞን ጥያቄው ብቻ ነበር የቀረው፤ መልሱን የሚያነብ አልነበረም።

ሐሙስ

እማዬ ዳዊት የምትደግመው በቀን ድርሻ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያቱና መኃልዩ። ከአራተኛው ኬሞ በኋላ አፏ ውስጡ ሁሉ ቆሰለ። ምላሷን ማንቀሳቀስ ሲያቅታት ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን ያለበትን መጽሐፏን ሰጠችኝና በምልክት «አንቺ አንብቢልኝ» አለች።

እኔ ዳዊት ደጋሚ አይደለሁም። በቀን 30 መዝሙር ሲባል ደነገጥኩ። ሌሊት ቀድሜ ማገላበጥ ጀመርኩ፤ ያኔም ሌላ ድንጋጤ መጣብኝ። እንዴት ያለ ለቅሶ ነው! ሰኞ ላይ 21ኛው አለ፤ አምላኩ ለምን እንደተወው የሚጠይቀው። ማክሰኞ ላይ 37ኛው አለ፤ ቁስሉ እንደ ሸተተ፣ ሥጋው ጤና እንዳጣ፣ ያም በኃጢአቱ እንደሆነ የሚናገረው። ይህን እንዴት ለእሷ አነባለሁ? በዚህ ሰዓት? ልቧን ልሰብረው ነው ወይ? ሰኞ 21ን አለፍኩት። ማክሰኞ 37ን አለፍኩት። እንዳልሰማች እርግጠኛ ነበርኩ። ሐሙስ ደግሞ 87 አለ። በዳዊት ውስጥ ካሉት ሁሉ የጨለመው እሱ ነው። ሌሎቹ ለቅሶዎች አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። 87 አይዞርም። ወደ ጉድጓድ ከሚወርዱት ጋር ተቆጠርኩ ይላል፤ ለምን ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ ይላል፤ ወዳጅና ባልንጀራዬን አራቅህብኝ ይልና ያልቃል። እዚያው ላይ። አሜን የሚያሰኝ ነገር የለውም።

እሱን ዘልዬ ቶሎ ወደ 90 ልደርስ ነበር ሐሳቤ። በልዑል መጠጊያ የሚኖረውን ሁሉም ሰው ይወደዋል።

«ዘለልሽ።»

«ምኑን እማዬ?»

«ሰባ ሰባትን ብትዘዪ አይቆጨኝም» አለች፤ ያ በረዥሙ የሚሄደው ነው። አፏ ስለቆሰለ ቃሎቹ እየተንተባተቡ ነው የሚወጡት። «ሰኞም ዘለልሽ። ማክሰኞም ዘለልሽ። ዝም አልኩሽ። ያቺን ግን ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቃት ነበር።»

መጽሐፉን ወደ ኋላ ገለጥኩ። እጄ ላብ አወጣ። «እግዚኦ አምላከ መድኃኒትየ» ብዬ ጀመርኩ። ግእዙን ጨርሼ ወደ አማርኛው ስመጣ ድምፄ ተሰበረ፤ እሷ ግን ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ከእኔ አንድ ቃል እየቀደመች። ከማወቋ የተነሣ መጽሐፍ አያስፈልጋትም። ስጨርስ አላማተበችም። ብዙ ቆየችና ወደ ግድግዳው እንደዞረች «ተቀይሜዋለሁ» አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ አልመለስኩላትም። የምለው ስለጠፋኝ ነው እንጂ ብልህ ሆኜ አይደለም።

«ስንት ዓመት በጠዋት ደጁን ስመላለስ አንድ ቀን አላስቀረሁም። ሕመሙን አላልኩም፤ ሕመም የሰው ነው። ፊቱን ለምን አዞረ? ይህን ለማን ልናገር? ላንቺ ብናገር ትቆጫለሽ። ለጎረቤት ብናገር ካደች ይሉኛል።» ከዚያ አለቀሰች። ከታመመች ወዲህ ስታለቅስ ሳያት ያ የመጀመሪያው ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ያን ዕለት የወጣው እንባ የሦስት ወር ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ሁለት ጭልፋ አጥሚት ጠጣች። ተአምር ሆነ ልላችሁ አይደለም። መጋረጃው በዚያ ቀን አልተገለጠም፤ በማግስቱም አልተገለጠም።

ባዳን ማን ይቀየማል?

ከዚያች ሐሙስ በኋላ እሷ ስትተኛ ስልኬ ላይ ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ያገኘሁት ነገር አስፈራኝ። ኬኔት ፓርጋመንት የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ሆስፒታል የተኙ 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 596 ሕሙማን ለሁለት ዓመት ያህል ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል። ሁሉም የካንሰር ሕሙማን አልነበሩም። «እግዚአብሔር ትቶኛል ወይ»፣ «ይወደኛል ወይ» እያሉ የሚታገሉት፣ ሌላው ሁሉ ተመሳስሎ ሲታይ፣ በእነዚያ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ።

ስልኬን ደፋሁት። እንግዲያ እኔ ልክ ነበርኩ ማለት ነው? «አታማሪ» ያልኳት ሕይወቷን ለማትረፍ ሆኖ ነው?

ይህን ጥያቄ ብዙ ቀን ተሸክሜው ዞርኩ። ያሳረፈኝ አንድ የራሳችን ቃል ነው፤ እሷው ያወጣችው፤ ቅያሜ። ባዳን ማን ይቀየማል? መንገድ ላይ የገፋንን ሰው እንቆጣዋለን እንጂ አንቀየመውም። የምንቀየመው የቅርባችንን ነው፤ ይመጣል ብለን ጠብቀን የቀረብንን። «ተቀይሜዋለሁ» ያለች ሴት ቤቱን ለቅቃ አልወጣችም፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነው የምታኮርፈው። ትቼዋለሁ ብላ ቢሆን ኖሮ 87ን ሳምንት ሙሉ አትጠብቅም ነበር። የሚገድለው ምን እንደሆነ ለመናገር አቅሙ የለኝም፤ ጥናቱም መንስኤውን አልጨረሰውም። ግን እማዬን ሲበላት ያየሁት ቅያሜው አልነበረም። ቅያሜውን ይዛ ብቻዋን መቅረቷ ነው። በእኛ ሀገር ደግሞ ቅያሜ ያለ ሽማግሌ አይፈታም። ዳዊት ሽማግሌ ሆኖ መጥቶ ነበር፤ ራሱም አንድ ጊዜ ተቀይሞ የሚያውቅ ሽማግሌ። እኔ በር ላይ ቆሜ «ዛሬ አይመችም» እያልኩ ስመልሰው ነበር።

ሌላ ጥናትም አነበብኩ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ ካንሰራቸው በገፋ 230 አሜሪካውያን ላይ የተሠራ። 88 በመቶዎቹ ሃይማኖት በመጠኑም ቢሆን ያስፈልገናል ያሉ ናቸው። ከሐኪም ቤት ያገኘነው መንፈሳዊ ድጋፍ ጥቂት ነው ወይም ምንም ነው ያሉት 72 በመቶ ናቸው። ይህ አልገረመኝም፤ ሐኪም በአንድ ጠዋት ስንቱን ያያል? የገረመኝ ሌላው ቁጥር ነው። ከሃይማኖት ማኅበረሰባችንም ያገኘነው ጥቂት ነው ወይም ምንም ነው ያሉት 47 በመቶ ናቸው። ከራሱ ሰዎች መሀል ማለት ነው። እማዬ ከመቶ ሰው ጉብኝት መሀል ሆና ብቻዋን የነበረችው ለዚህ ነው ብዬ አሰብኩ። የሚመጣው ሰው ሁሉ ያጽናናታል፤ የሚጠይቃት የለም። የኢዮብ ወዳጆች ከሁሉ የተሻለ ያደረጉት በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ነበር፤ ዝም ብለው አጠገቡ መሬት ላይ ሲቀመጡ። መናገር ሲጀምሩ ነው የተበላሸው። በመጨረሻም ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም የተባሉት አጽናኞቹ ናቸው፤ ሲጮህ የነበረው ኢዮብ አይደለም።

እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስን፣ በሞት አፋፍ ያሉ ሕሙማን የሚታገዙበትን ቤት፣ የከፈቱት ይህን አይተው ነው። የሕመምተኛ ሥቃይ የሥጋ፣ የአእምሮ፣ የኑሮና የመንፈስ ሆኖ አንድ ላይ የተቋጠረ ነው ይሉ ነበር፤ አንዱን ፈትቶ ሌላውን መተው አይሆንም። እኛም ጋ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ውስጥ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ በዚሁ መንገድ ይረዳል። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ እላለሁ። የእንቅልፉንና የምግቡንም ነገር ለሐኪሟ በሰዓቱ ብነግር ኖሮ። ድባቴ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ይታከማል፤ በጸሎት ማነስ አይመጣም። ስነግረው ሐኪሟ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ አነጋገራት፤ ለእንቅልፏም መድኃኒት አዘዘላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ ደባቂዋ እኔ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ሁለት መቁጠሪያ

በአምስተኛው ዙር ኬሞ ክፍሉ ውስጥ ከእማዬ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ከኮምቦልቻ የመጣች ሴት ተቀመጠች። መርካቶ ዘመድ ጋ ነው ያረፈችው። ዘመድ የሌለው ከክፍለ ሀገር የመጣ ሕመምተኛ እንዴት እንደሚሆን ሳስብ፣ እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማረፊያ የሚሰጡ ማኅበራትን አመሰግናለሁ። ሴትዮዋ ግራ እጇ ላይ ሙስበሃ አለ፤ እማዬ ቀኝ እጅ ላይ መቁጠሪያ። እማዬ እጢዎቹ ከብብቷ በወጡበት በቀኟ አይወጋትም፤ መቁጠሪያውን በዚያ ዕለት ወደ ቀኟ ያዛወረችው ለዚያ ነው።

ሦስት አራት ሰዓት አብሮ ሲንጠባጠብ ሰው ያወራል። እማዬ፣ ለእኔ ሦስት ወር ያልነገረችኝን፣ ለማታውቃት ሴት በመጀመሪያው ሰዓት ነገረቻት። «እኔ'ኮ ተቀይሜዋለሁ።» ደነገጥኩ፤ ምን ትል ይሆን ብዬ ሴትዮዋን አየኋት። እሷ ሙስበሃዋን ሳታቆም «ነቢዩ ያዕቁብ በልጃቸው ሐዘን አልቅሰው አልቅሰው ዓይናቸው ጠፍቶ የለ እህቴ?» አለቻት። «ሰዎቹ በቃህ ሲሏቸው ምን አሉ? ሐዘኔን የምከሰው ለአላህ ነው አሉ። ለእሱ መክሰስ ሶብርን አያፈርስም።»

እማዬ ይህን ቃል ወደደችው፤ «ለእሱው ነው የምከሰው» እያለች ቤት ድረስ ይዛው መጣች። እኔን የገረመኝ ሁለቱም ከመጽሐፋቸው ያወጡት ያንኑ ነገር መሆኑ ነው፤ ማጽናኛውን ትተው ሙግቱን። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲያ ቀጠሯቸውን አስማምተው በአንድ ቀን ይመጡ ነበር። አንዷ ስታስመልስ ሌላዋ ሳህኑን ትይዛለች። ሴትዮዋ ጠዋት ጠዋት ቤቷ ጓሮ ስለነበረው የብርቱካን ዛፍ ትናገራለች፤ እማዬ ስለ በዓታ ግቢ ጽድ ትናገራለች። ስለ ሞት ሲያወሩም ሰምቻለሁ፤ የልጅ ሠርግ እንደሚያወራ ሰው፣ ማን ምን እንደሚያዝን፣ ማን ቶሎ እንደሚረሳ። ያን ወሬ ከእኔ ጋር ልታወራው አትችልም ነበር። አልፈቅድላትማ።

በሰባተኛው ዙር ሴትዮዋ አልመጣችም። በስምንተኛውም አልመጣችም። ስልኳ አይነሳም። ነርሶቹን ጠየቅን፤ የሚያውቅ የለም።

ዳዊቱ አሁን

እማዬ ስምንቱንም ጨረሰች። አሁን በየቀኑ አንድ እንክብል ትውጣለች፤ ለአምስት ዓመት ነው የታዘዘላት። ጸጉሯ ድሮ ከነበረው ለስልሶ፣ ሸብቶ በቅሏል። መጋረጃውን መቼ እንደገለጠችው አላየሁም። አንድ ጠዋት ሻይ ይዤ ስገባ ተገልጦ አገኘሁት፤ እሷ ምንም አላለችም፣ እኔም ምንም አላልኩም። ይህኛው ዝምታ ግን ሌላ ነው። ኪዳን አሁንም አትደርስም፤ ጉልበቷ አልተመለሰም። በሩ ላይ ወንበር አውጥታ፣ ደወሉ ሲሰማ ከተቀመጠችበት ግንባሯን ዝቅ ታደርጋለች። ይህ ስግደት ይቆጠር እንደሆነ የንስሐ አባቷን ጠይቃቸው «እሱ ይቁጠረው» አሏት። መልሱ ለእኔ በቂ ነው። ለእሷ በቂ መሆኑን አላውቅም፤ አንዳንድ ረቡዕ አሁንም ወተቱን ስታየው ትቆያለች።

አፏ ድኗል፤ ራሷ መድገም ትችላለች። ሐሙስ ሐሙስ ግን አሁንም እኔ ነኝ የማነብላት። 87 ላይ ስደርስ ታስቆመኝና የኮምቦልቻዋን ሴት ስም ትጠራለች፤ ከነአባቷ ስም። ከዚያ እቀጥላለሁ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ሰኞ የስድስት ወር ምርመራዋ ነው። 110ን ስጨርስ መጽሐፉን ሳልዘጋ ቆየሁ።

«ፈርቻለሁ» አለች።

«እኔም» አልኳት።

እጇን ዘረጋች፤ ያዝኳት። የታክሲ ረዳቶቹ ይጣራሉ፤ መሽቷል። ትንሽ ቆይታ «111 ላይ ክር አድርጊበት» አለችኝ፤ «ነገ ዓርብ ነው።»